ቱንቢ ይዞ የሚመጣው ሰው

ራቤል ላይ ቤት ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ደላላ ነው፤ ቀጥሎ ምስክር፤ ቀጥሎ ብድር። ግንበኛ የሚጠራው ገዝቶ ከገባ በኋላ፣ ግድግዳው ሆዱን መንፋት ሲጀምር ነው። እኔ ይህ ቅደም ተከተል ይገልበጥ ባይ ነኝ።

ገዢው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ቤቱን ዞሮ አይቶ ያለበትን የሚነግር ሰው በአሜሪካ ራሱን የቻለ ባለሙያ ነው፤ የአገሪቱ የቤት ፈታሾች ማኅበር የተመሠረተው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ዘንድ ማኅበርም ስምም አልወጣለትም እንጂ ሰውየው አለ። ኪሱ ውስጥ በሲባጎ የተንጠለጠለች ቱንቢ፣ እጁ ላይ መዶሻ ያለው ሽማግሌ ግንበኛ ነው። ለደላላ በመቶኛ ቆጥረን እንከፍላለን፤ ለእሱ ግን የግማሽ ቀን አበል ሲጠይቀን "ማየት ብቻ አይደል እንዴ?" እንላለን። ማየት ብቻ ነው፤ እናንተ ግን አታዩትም።

ራቤል ያለችበት ግሼ፣ እንደ ጎረቤቱ መንዝ፣ እንጨት የጠፋበትና ድንጋይ የተረፈበት አገር ነው። የድሮው ግድግዳችን ድንጋይና ጭቃ ነው። ይህ ግድግዳ ከውጭ ሲታይ አንድ ይምሰል እንጂ ሁለት ነው፦ የውጭ ፊትና የውስጥ ፊት፣ መሐሉ በጠጠርና በጭቃ የተሞላ። ሁለቱን ፊት የሚያስተሳስረው ከወዲያ እስከ ወዲህ የሚደርስ ረጅም ድንጋይ ነው። ሰነፍ ግንበኛ ይህን ድንጋይ ይዘላል፤ መጥረቡ አድካሚ ነውና። ቤቱ አሥር ዓመት ይቆማል፤ ከዚያ መሐሉ ውሃ ይገባዋል፣ ጭቃው ይታጠባል፣ የውጩ ፊት ብቻውን ወደ ውጭ ይወጣል። በመዶሻ ጀርባ ቀስ ብላችሁ ስትመቱት እንደ ባዶ ጋን ይጮኻል። ደህናው ግድግዳ ግን ድምፁ ድፍን ነው።

ይህን ያስተማሩኝ አንድ አዛውንት ግንበኛ ናቸው። ልገዛው የጓጓሁትን ቤት እንዲያዩልኝ ስለምናቸው እሺ አሉ። ሲመጡ ግን ወደ ቤቱ አልገቡም፤ በጓሮ ዞሩ።

"ጋሼ፣ በሩ በዚህ በኩል ነው" አልኳቸው።

"በሩን ሻጩ ያሳይሃል፣ ልጄ። እኔ ውሃው የሚሄድበትን ላሳይህ" አሉኝ።

ጣሪያው አሸንዳ አልነበረውም። ከቆርቆሮው የሚወርደው ውሃ መሬቱን ቦርቡሮ የመሠረቱን ድንጋይ ጥርስ አስመስሎ አግጥጦታል። ከዚያ ገቡ። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ያማረ ዝተት ተሰቅሏል፤ እኔ ትናንት "እንዴት ያምራል!" ብዬ ያደነቅሁት። "ጌታው፣ ይችን ገለጥ ላድርጋት?" አሉ ሻጩን በትሕትና። ከሥሩ ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ወለሉ የወረደ ስንጥቅ ወጣ። ላዩ ጋ እርሳስ ይገባበታል፤ ታቹ ጋ ፀጉር ያክላል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሕዝባችን በስንጥቅ ጉዳይ ክፉኛ ተሳስቷል። ስንጥቅ ያየ ገዢ ይሸሻል፤ ሸሽቶም ባለፈው ሳምንት የተለሰነውን ቤት ይገዛል! እኔን የሚያስፈራኝ ግን አዲስ ልስን ነው። ልስን ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተበተነው ቀጭን ስንጥቅ ሲሚንቶው ቶሎ ደርቆ የተኮማተረበት ነው፤ ከመልክ በቀር የሚያበላሸው የለም። በአሮጌው ቤትና ኋላ በተቀጠለው ክፍል መሐል ቀጥ ብሎ የሚወርደው ደግሞ ሁለት መሠረት ለየብቻው ሲቀመጥ የሚመጣ ነው፤ ውሃ እንዳይገባበት ይደፈናል እንጂ ለብቻው ቤት አይጥልም። ከበርና ከመስኮት ማዕዘን በሰያፍ የሚነሣው፣ አንድ ጫፉ ሰፍቶ ሌላው የጠበበው ግን መሠረቱ በአንድ ወገን እየሰመጠ መሆኑን ይናገራል።

ይህም ቢሆን ዋናው ጥያቄ ስፋቱ አይደለም። የቆመ ነው ወይስ የሚሄድ? የቆመ ስንጥቅ አፉ አቧራ ጠግቦ ጠቁሯል፣ ጠርዙ ዶልዱሟል፣ ሸረሪት ቤት ሠርታበታለች። የሚሄደው ጠርዙ ስለታም፣ ውስጡ ንጹሕ ነው፤ ተደፍኖም እዚያው ላይ እንደገና ተከፍቷል። ዓይን ካልለየው ምስክር ይቆምለታል። አዛውንቱ ከደብተሬ ቁራጭ ወረቀት ቀደዱ፣ በዱቄት ሙጫ ስንጥቁን አሻግረው ለጠፉት፣ በእርሳስ ቀኑን ጻፉበት። ግንቦት ነበር። "መስከረም እንመለሳለን" አሉ። ደላላው ሊያብድ ደረሰ።

መስከረም ስንመለስ ወረቀቱ ተቀዶ አገኘዋለሁ ብዬ ነበር። አልተቀደደም፤ ተጨማዷል። ደስ ብሎኝ "አልሄደም ማለት ነው!" ስል ሳቁብኝ። ስንጥቁ ክረምቱን ሁሉ ሲጠብ ነው የከረመው። ቤቱ የቆመው ዋልካ ላይ ነው፤ ዋልካ ደግሞ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ ይወርዳል። መሠረቱ ጥልቀት ስለሌለው ቤቱ በየዓመቱ ከአፈሩ ጋር ይነሣል ይቀመጣል። ወረቀቱ ጥቅምት ላይ ተለጥፎ ቢሆን በበጋው ይቀደድ ነበር። እንግዲህ ያንን ስንጥቅ ሐምሌ ላይ ያየ ሰው ምን ሊያውቅ ነው? ተዘግቶ ነው የሚጠብቀው። ቤቱን ተውኩት፤ ሌላ ሰው በሳምንቱ ገዛው፤ ዝተቱ ተመልሶ ተሰቅሎ ነበር።

የመሬት መንቀጥቀጥ ሲነሣ ደግሞ የስንጥቅ ወሬ ይበረታል። በ2017 ታኅሣሥና ጥር ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬቱ በተደጋጋሚ ሲናጥ አዲስ አበባ ድረስ ሰው ግድግዳውን ሲዳብስ ሰነበተ። የእኛ ደጋ ጠርዝ ግን የቆየ ትዝታ አለው፦ በ1953 ግንቦት ላይ የጀመረው የካራቆሬ መንቀጥቀጥ፣ ከእኛ በስተምሥራቅ ቁልቁል ያለችውን ማጀቴን አፈራርሷታል። አሳሪ የሌለው የድንጋይ ግድግዳ በጎን ሲገፋ ሁለቱ ፊት ይለያያል። ስለዚህ ያን ረጅም ድንጋይ ስጠይቅ ነገር አካባጅ አትበሉኝ።

ሌላው ቀላል ነው። ጣሪያ፦ በቀትር በርና መስኮት ዘግታችሁ ቀና በሉ፤ ብርሃን የገባበት ቀዳዳ ውሃም ያስገባል። ማገሩንና ወራጁን በቢላ ጫፍ ውጉት፤ ዱቄት ካራገፈ ነቀዝ ገብቶበታል። መብራቱን አብሩና አጥፉ።

የሽያጩ ውል ግን የግንበኛ ሥራ አይደለም። ቦታው የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የምትገዙት ቤቱን ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል፤ በሽማግሌ ፊት ተፈራርማችሁ ውስኪ መክፈታችሁ አይበቃም። ሕጉ ሻጩን ለተደበቀ ጉድለት ተጠያቂ ቢያደርግም፣ ዓይን ያለው ሁሉ ሊያየው ለሚገባ ጉድለት ግን ገዢው ቆይቶ ቢጮህ ሰሚ አያገኝም።

ማንን እንምረጥ? ደላላው "የማውቀው ግንበኛ አለ" ካላችሁ አመስግናችሁ ተዉት፤ የሚበላው ሽያጩ ካለቀ ብቻ ነውና ወዳጁም ያንኑ ያያል። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችንም አሻሻጩ በመረጠላቸው ፈታሽ ሲነደፉ ሰምቻለሁ። ቤቱን የሠራውም አይሁን፤ የገዛ እጁን አይከስም። "እኔ አድስልሃለሁ" የሚለውም አይሁን፤ ያልታመመውን ያክማል። ከሠራቸው ቤቶች ሃያ ክረምት ያለፈበትን አሳየኝ በሉት። ሻጩ ፊት ዝም ብሎ እናንተን ለብቻ ወስዶ የሚናገር፣ የማያውቀውን "ይሄን አላውቅም፣ መሐንዲስ ጥራ" የሚል ከሆነ እሱ ነው። ፎቅ ወይም የኮንክሪት ቋሚ ያለው ቤት ከሆነ በርግጥም መሐንዲስ ጥሩ።

አበሉን ሳትከራከሩ ክፈሉት፤ "አትግዛ" ቢላችሁም ክፈሉት። ከቻላችሁ ግንቦት ላይ ወረቀታችሁን ለጥፉና መስከረምን ጠብቁ። ደላላው ሌላ ገዢ መጥቷል ይላችኋል። ይበል።