የበዓል ዋዜማ ምጣድና የኃይል ቁጠባ በጎንደር ቤቶች

ከታኅሣሥ 28 እስከ ጥር 12 ባሉት ሁለት ሳምንታት የጎንደር ማእድ ቤቶች ፋታ የላቸውም። ገና ሲያልፍ ጥምቀት ይከተላል፤ ከወገራና ከደምቢያ የሚመጣው ዘመድም በአራዳ በኩል ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ከመውረዱ በፊትም ሆነ ሲመለስ እንጀራ ይቀርብለታል። በዚህ ወቅት የቤት ውስጥ የኃይል ፍጆታ ዋናው ጥያቄ አምፖል ሳይሆን ምጣድ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ሸክላው ሙቀትን በቀላሉ ስለማያስተላልፍ አንድም እንጀራ ሳይወጣ ለማጋል ብቻ የሚሄድ ኃይል አለ። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ ለመጋል 15 ደቂቃ፣ ለእያንዳንዱ እንጀራ 3 ደቂቃ ቢወስድ፣ 30 እንጀራ በአንድ ጊዜ ለመጋገር 6.1 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ያንኑ እንጀራ አሥር አሥር እያደረጉ በሦስት ቀን ቢጋግሩት ግን ፍጆታው ወደ 7.9 ይደርሳል። ጎረቤታሞች በጋለ ምጣድ ተራ በተራ የሚጋግሩበት የቆየ ልማድ እንግዲህ የማኅበራዊ ኑሮ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ከሂሳቡ የሚበልጠው ችግር ዋዜማው ላይ ይመጣል። ምጣዶች ሁሉ በአንድ ሰዓት ሲበሩ ቮልቴጅ ይወርዳል፤ ምጣድ የሚያገኘው ኃይል ደግሞ ከቮልቴጁ ካሬ ጋር አብሮ ይቀንሳል። 220 የነበረው ቮልቴጅ 180 ሲሆን 3.5 ኪሎዋቱ ወደ 2.3 ይወርዳል። ምጣዱ ወደ አካባቢው አየር የሚያባክነው ሙቀት ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ይቆያል፣ ጋጋሪዋ ትዘገያለች፣ እያንዳንዱ እንጀራም የበለጠ ኃይል ይበላል። መዘግየቱ ምጣዶቹን በመስመሩ ላይ ያቆያቸዋልና ጭነቱ ራሱን ያራዝማል። እንጀራ የጾም ምግብ በመሆኑ ከዋዜማው አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ለመጋገር የሚከለክል ሥርዓት የለም።

ዶሮ ወጥ ሌላ ጠባይ አለው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ድስቱ ከፈላ በኋላ እሳት መጨመር ወጡን አያፈጥነውም፤ ትርፉ እንፋሎት ብቻ ነው፣ አንድ ሊትር ውኃ ማትነን ደግሞ ከ0.6 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሆኖም «ድስቱን ክደኑ» የሚለው የተለመደ ምክር ለቁሌት አይሠራም። የሽንኩርት አብዛኛው ክፍል ውኃ ነው፤ ያ ውኃ ካልተነነ ቁሌት የለም። ክዳኑና ቀዝቀዝ ያለው እሳት ቦታቸው ሥጋው ከገባ በኋላ ነው። ቁሌቱ ራሱ ቅቤ እስካልገባበት ድረስ የጾም በመሆኑ ቀደም ብሎ ሊዘጋጅ ይችላል።

መብራት በዋዜማው ሲቋረጥ ሊጡ ይኮመጥጣል እንጂ አይጠብቅም። ያን ጊዜ ቤተሰቡ ወደ ሦስት ጉልቻና ወደ ባሕር ዛፍ ማገዶ ይመለሳል፤ ጢሱንም የምትውጠው ጋጋሪዋ ናት። ምርጥ ምድጃ ያለው ቤት ግን በክፍት እሳት ከሚያስፈልገው ማገዶ ግማሽ ያህሉን ሊያተርፍ ይችላል፤ ከምጣዱ ሥር አልፎ የሚወጣው ትኩስ ጋዝም ከኋላ የተቀመጠውን ድስት ያሞቃል።