በተቆለፈ ካቢኔት ውስጥ የተቀመጠ ዕቅድ፦ «የጋላክሲው መንገደኛ መመሪያ» እና የዜጎች ተሳትፎ

የሳይንሳዊ ልብ ወለድ የሬዲዮ ድራማ፣ ማለትም ገና ያልተፈጠረን ቴክኖሎጂ ወይም ያልተደረሰበትን ዓለም መነሻ አድርጎ በድምፅ ብቻ የሚቀርብ ታሪክ፣ ስለ መንኰራኩርና ስለ ጠፈር ፍጡራን ይተርካል ተብሎ ይጠበቃል እንጂ ዜጎች በአስተዳደር ውሳኔ ላይ ስላላቸው ድርሻ ያነሣል ተብሎ ብዙም አይገመትም። ዳግላስ አዳምስ ለቢቢሲ ሬዲዮ 4 የጻፈውና የመጀመሪያ ክፍሉ እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 1978 የተላለፈው «የጋላክሲው መንገደኛ መመሪያ» ግን ታሪኩን የሚጀምረው ከማዘጋጃ ቤት ጋር በተነሣ ክርክር ነው።

አርተር ዴንት የተባለው ገጸ ባሕርይ፣ ቤቱ ለአቋራጭ መንገድ ሊፈርስ ቡልዶዘር ደጁ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ዕቅዱ ለሕዝብ እይታ ክፍት ሆኖ ለወራት መቆየቱን ከሹሙ ይሰማል፤ ሰነዱ የተገኘው ግን ማንም በማይጠቀምበት መጸዳጃ ቤት፣ በተቆለፈ ካቢኔት ውስጥ ሲሆን፣ በሩም ከነብር ተጠንቀቁ የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ነበር። ወዲያው ቮጎን የሚባሉት የጠፈር ቢሮክራቶች ምድርን ራሷን ለጠፈር መንገድ ሊያፈርሱ ይደርሳሉ፤ የሰው ልጅ ሲጮኽም፣ ዕቅዱ አልፋ ሴንታውሪ በተባለው የከዋክብት ሥርዓት ለሃምሳ ዓመት ለእይታ ቀርቦ እንደነበረና የቅሬታ ጊዜው እንዳለፈ ይገልጻሉ። የማዘጋጃ ቤቱን ሹምም ሆነ የቮጎኖቹን አዛዥ የተጫወተው ቢል ዋሊስ የተባለ አንድ ተዋናይ ነው። ፊት በማይታይበት በሬዲዮ፣ የሁለቱ ባለሥልጣናት ድምፅ ከአንድ ጉሮሮ መውጣቱ፣ ታስቦበትም ይሁን በአጋጣሚ፣ ከማንኛውም ማብራሪያ ይልቅ ነገሩን ያጎላዋል።

ቀልዱ መሠረት አለው። በብሪታንያ የ1968ቱ የፕላን ሕግና በማግስቱ ዓመት የወጣው የስኬፊንግተን ኮሚቴ ሪፖርት ሕዝባዊ ምክክርን፣ ማለትም ውሳኔ ከመጽደቁ በፊት የነዋሪውን አስተያየት የመቀበልን ሥርዓት፣ አጠናክረው ነበር፤ ሆኖም ማስታወቂያ መለጠፍና ለባለጉዳዩ ማሳወቅ ለየቅል መሆናቸውን የአዳምስ ድራማ ከብዙ የሕግ መጽሐፍ በተሻለ ያስረዳል።

በ1980 የተላለፈው ሁለተኛው ተከታታይ ጥያቄውን ወደ ሥልጣን ምንጭ ያሸጋግረዋል፤ ሥልጣንን አጥብቆ የሚሻ ሰው ለሥልጣን እጅግ የማይበቃ ነው የሚል ግምት ይዞ፣ የአጽናፈ ዓለሙን ገዥ በጎጆ ውስጥ ከድመቱ ጋር የሚኖርና ከደጁ ውጭ ስላለው ነገር ሁሉ የሚጠራጠር ሰው አድርጎ ያቀርበዋል። ሐሳቡ ብልህ ቢሆንም ያልተጠናቀቀ ነው፤ ምክንያቱም ማንንም መግዛት የማይፈልግ ገዥ፣ ቤቱ ለሚፈርስበት ሰው የሚያስገኝለት ጥቅም የለም። ድራማው የተበላሸ ተሳትፎን በማጋለጥ ረገድ አቻ የማይገኝለት ሲሆን፣ የሚሠራ ምክር ቤት ወይም የሚሰማ ጉባኤ ምን እንደሚመስል ግን በሁለቱም ተከታታዮች አያሳይም።