ላቲን ፍለጋ ወጥተን «ን»ን አገኘን

እህቴ ከሌሊት ተረኝነት ገብታ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ «ለልጆቹ የላቲን መጽሐፍ ምረጥልኝ» አለችኝ። ያሾፈችብኝ መስሎኝ ነበር።

«እታለም፣ አማርኛውስ?»

«እሱን ከአንተ ይማሩታል» ብላ ልትተኛ ገባች።

ነገሩን ላስረዳችሁ። የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። እህቴ ነርስ ናት፣ ባሏ ኡበር ይነዳል፣ እኔ ከአዲስ አበባ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ የማድረው ቤዝመንታቸው ውስጥ ነው። ልጆቻቸው፣ የ8 ዓመቷ ልጅና የ6 ዓመቱ ወንድሟ፣ ትምህርት ቤት አይሄዱም፤ ቤት ነው የሚማሩት። «ሆምስኩል» ይሉታል፤ በሃምሳዎቹም ግዛቶች ሕጋዊ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ወላጅ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 «ልጆቼን ቤት አስተምራለሁ» ብሎ ያሳውቃል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ ልጆቹ መማራቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ያቀርባል።

ግን ላቲን ለምን? እህቴ መልሷን ያገኘችው ከሥራዋ ነው። የመድኃኒት ትእዛዝ ላይ «ቢ.አይ.ዲ» የሚል ይጻፋል። ላቲን ነው፤ «ቢስ ኢን ዲዬ»፣ በቀን ሁለቴ ማለት ነው። «ፒ.አር.ኤን» ደግሞ «ፕሮ ሬ ናታ»፣ ሲያስፈልግ። «እኔ ሳይገባኝ የሸመደድኩትን እነሱ ገብቷቸው ይማሩት» ትላለች። የእንግሊዝኛ ቃላት ከግማሽ በላይ ሥራቸው ላቲን ስለሆነ ሐሳቧ መሠረት አለው። በዚያ ላይ በሳምንት አንድ ቀን አዳራሽ ተከራይተው አብረው የሚያስተምሩት ቤተሰቦች «ክላሲካል» የሚባለውን መንገድ ነው የሚከተሉት። ዶሮቲ ሴየርስ የምትባል እንግሊዛዊት ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1947 ኦክስፎርድ ላይ ባደረገችው ንግግር፣ ትንንሽ ልጆች መሸምደድና ማዜም ስለሚወዱ ቋንቋን ያኔ ስጧቸው፣ በተለይ ላቲንን፣ ብላ ነበር። ይህን ሳነብ የኔታ ትዝ አሉኝ። «ሀ ሁ»ን በዜማ የቆጠረ ሰው ለዚህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም።

እውነቱን ልናገርና፣ የመጀመሪያው ምርጫችን ከሽፏል። ጎረቤት ያመሰገነውን ውድ ፓኬጅ ገዛን፤ ቪዲዮ አለው፣ ካርድ አለው፣ ሁሉ አለው። ስሙን አልጠራም። ከሁለት ወር በኋላ ልጅቷ «አሞ፣ አማስ፣ አማት» እያለች እንደ ዘፈን ትወርደዋለች። «ምን ማለት ነው?» ስላት ዝም። ትንሹ ደግሞ ቪዲዮው ሲከፈት ጠረጴዛ ሥር መደበቅ ጀመረ። አንድ ቀን ሥር ገብቼ ባወራው «እኔ ደደብ ነኝ» አለኝ። በስድስት ዓመቱ! እህቴ ይህን ስትሰማ ኩሽና ውስጥ ቆማ አለቀሰች።

ጥፋቱ የመጽሐፉ ብቻ አልነበረም። እናት ተኝታ፣ አባት መኪና ላይ፣ እኔ ስልኬ ላይ፤ ልጆቹን ቪዲዮ ብቻውን እያስተማራቸው ነበር።

ስለዚህ ማታ ማታ ናሙና ገጾችን ማገላበጥ ስጀምር ጥያቄዬ «የቱ ጥሩ ነው?» መሆኑ ቀረ። «ማን ነው አብሯቸው የሚቀመጠው?» ሆነ። በሳምንት አራት ቀን፣ ለ20 ደቂቃ፣ እኔ ነኝ። ላቲን የማላውቅ እኔ።

በዚህ ዓይን ስታዩት ገበያው ቶሎ ይጠራል። «ፕሪማ ላቲና» ላቲን ለማያውቅ ወላጅ ተብሎ የተዘጋጀ ነው፤ በየትምህርቱ ጥቂት ቃል ብቻ ይሰጣል፣ የላቲን ጸሎቶችም አሉበት። ሥርዓት ለሚወድ ልጅ ይሆናል፤ ለኛ ትንሹ ግን እንደገና ጠረጴዛ ሥር መግባት ነው። «ሶንግ ስኩል ላቲን» በመዝሙርና በጨዋታ የሚሄድ፣ ገና ማንበብ ለሚለምድ ልጅ የታሰበ ነው። ሰዋስው ብዙም የለውም። ግድ የለም፣ ለ6 ዓመት ልጅ ምን ያደርጋል? የዊልያም ሊኒ «ጌቲንግ ስታርትድ ዊዝ ላቲን» አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እያስረዳ ይሄዳል፤ ሥዕል ስለሌለው ለልጆቹ ሳይሆን ለራሴ ያዝኩት። ዱኦሊንጎ ከ2019 ጀምሮ ላቲን አለው፣ ነፃ ነው፤ ነገር ግን ኮርሱ አጭር ነው፣ «ለምን እንዲህ ሆነ?» ለምትል ልጅም መልስ አይሰጥም። አውቶቡስ ላይ እኔ እጫወትበታለሁ።

ልቤን የወሰደው «ሚኒመስ» ነው። ባርባራ ቤል የጻፈችው፣ ካምብሪጅ በ1999 ያሳተመው፣ በካርቱን የተሞላ መጽሐፍ። ሚኒመስ አይጥ ነው፤ የሚኖረው ቪንዶላንዳ፣ በሰሜን እንግሊዝ የነበረ የሮማውያን ጦር ሰፈር ውስጥ ነው። ቤተሰቡ ደግሞ ፈጠራ ብቻ አይደለም። ከ1973 ጀምሮ እዚያ ቦታ ከጭቃ ውስጥ በቀለም የተጻፈባቸው ስስ የእንጨት ገበታዎች ወጥተዋል፤ የአዛዡ የፍላቪየስ ሴሪያሊስና የሚስቱ የሌፒዲና ስም አለባቸው። አንደኛው ገበታ ክላውዲያ ሴቬራ የምትባል ሴት ከ1,900 ዓመት በፊት ገደማ ለሌፒዲና የላከችው የልደት ጥሪ ነው። አብዛኛውን ጸሐፊ ጽፎላት መጨረሻው ላይ ሰላምታዋን በራሷ እጅ ጨምራለች፤ በሴት እጅ ተጽፎ ከተረፈው የላቲን ጽሑፍ ቀደምት ከሆኑት አንዱ ነው ይባላል። የልደቱ ቀን ሴፕቴምበር 11 ነው። ይህን ስነግራት ልጅቷ «እንቁጣጣሽ!» ብላ ዘለለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ክላውዲያ ጓደኛዋ ናት።

የአነባበብ ክርክርም አለ፤ ሳትወስኑ አትጀምሩ። በጥንቱ አነባበብ የሮማው መሪ «ካይሳር» ነው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ላቲን «ቼዛር» ነው፣ እንግሊዝኛው «ሲዘር» ይለዋል። እኛ ደግሞ «ቄሳር» ስንል ኖረናል፤ ለጥንቱ የቀረብነው እኛው ነን! ጥንቱን መረጥን፤ ከሁሉ የሚከፋው በየመጽሐፉ መቀያየር ነው።

አሁን ወደ «ን» ልምጣ። ላቲን ውስጥ «ፑኤላ ካኔም አማት» ማለት «ልጅቷ ውሻውን ትወዳለች» ነው። ቃላቱን አገላብጣችሁ «ካኔም ፑኤላ አማት» ብትሉም ትርጉሙ አይለወጥም። እንግሊዝኛ ብቻ ለለመደ ልጅ ይህ ራስ ምታት ነው፤ እዚያ ቦታ ሲቀየር ወዳጅና ተወዳጅ ይቀያየራሉ። ልጅቷ ግራ ገብቷት እርሳሷን ወረወረች። እኔም በእንግሊዝኛ ማስረዳት አቃተኝና በአማርኛ «ልጅቷ ውሻውን ትወዳለች። ውሻውን ልጅቷ ትወዳለች። ማን ነው የሚወደው?» አልኳት።

«ልጅቷ።»

«በምን አወቅሽ?»

ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፦ «ውሻው‘ን’ ስላልክ።»

በቃ። «ካኔም» ላይ ያለችው «ም» የኛ «ን» ናት። «አሞ» በእንግሊዝኛ ሁለት ቃል ይፈልጋል፤ በአማርኛ ግን «እወዳለሁ»፣ አንድ ቃል፣ ማንነቱ ውስጡ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ በአማርኛ ስናናግራት በእንግሊዝኛ የምትመልስ ልጅ፣ አሁን እራት ላይ እየመጣች «‘ቤታችንን’ ላይ ሁለት ‘ን’ ለምን ገባ?» ትለኛለች። ለማስረዳት እኔም መጀመሪያ ማሰብ ነበረብኝ።

እናቴ ከአዲስ አበባ በቪዲዮ ስትደውል ግን አልተዋጠላትም። «ግዕዝ እያለ?» ልክ ናት፣ ጥያቄው ያመኛል። አውሮፓዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ ተምሮ በ1661 የግዕዝ ሰዋስው ሲያሳትም የጻፈው በላቲን ነበር፤ ለኛ የ6 ዓመት ልጅ የሚሆን በሥዕል የተሞላ የግዕዝ መጽሐፍ ግን እስካሁን እጄ አልገባም። ያላችሁ ላኩልኝ፤ የምሬን ነው።

ትንሹ አሁን መዝሙሩን ይዞታል፤ ሻወር ውስጥ ይዘፍነዋል፣ ሌላ ምንም አልጠይቀውም። ልጅቷ ከሚኒመስ ጋር ናት። ባለፈው እሑድ እናቴ ስልኩን አስጠግታ ጠየቀቻት፦

«ይህን ላቲን የሚናገር ሰው አለ?»

«የለም፣ እማማ።»

«ታዲያ ከማን ጋር ልታወሪው ነው?»

«ከአጎቴ ጋር።»

እናቴ ወደኔ ዞረች። «አንተም ትማራለህ?»

ምዕራፍ 4 ላይ ነኝ። እሷ 3 ላይ ናት።