ዶሮ እየተሸጠ በቀቀን ለምን ይከለከላል?

በማሠልጠኛ ተቋማችን የሥነ ሕይወት ሠልጣኞች ለማስተማር ልምምድ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲወጡ፣ ስለ ዱር አራዊት ጥበቃ በሚያስተምሩበት ክፍለ ጊዜ አንድ ጥያቄ ዘወትር ያስቸግራቸዋል። ይኸውም «ዶሮ በገበያ እየተሸጠ በቀቀን መሸጥ ለምን ይከለከላል?» የሚለው ነው። ጥያቄው የልጅ ይምሰል እንጂ መንግሥታት ከአርባ ዓመት በላይ ሲከራከሩበት የኖሩ ጉዳይ ነው። «ብርቅ ስለሆነ ነው» ብሎ ማለፍም አያዋጣም፤ ተማሪው «እንግዲያው ለምን አናረባውም?» ማለቱ አይቀርምና።

ለማስረዳት የሚመቸን የአፍሪካ ግራጫ በቀቀን ነው። ይህ ወፍ ከምዕራብ አፍሪካ ደኖች ጀምሮ በኮንጎና በዩጋንዳ በኩል እስከ ምዕራብ ኬንያ ድረስ ይገኛል። የሰው ድምፅ አስመስሎ መናገር ስለሚችል በብዙ አገር ይፈለጋል። ከ1982 እስከ 2014 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከ1 ሚሊዮን በላይ የዱር ግራጫ በቀቀኖች በሕጋዊ ፈቃድ ወደ ውጭ ተሸጠዋል። በወጥመድና በሙጫ ተይዘው ገበያ ሳይደርሱ የሞቱት በዚህ ቁጥር አይገቡም። ወፉ ለመራባት ዓመታት ይፈጅበታል፤ በትልልቅ ዛፎች ሽንቁር ውስጥ የሚጥለውም ጥቂት እንቁላል ብቻ ነው። ስለዚህ የጎደለውን ቶሎ አይተካም። በ2016 የወጣ ጥናት በጋና ከ1992 ወዲህ ከመቶ ከ90 እስከ 99 የሚሆነው መጥፋቱን ገልጿል። የዶሮ ልዩነት እዚህ ላይ ነው፤ የተሸጠችው ዶሮ ከግቢ የተፈለፈለች እንጂ ከጫካ የጎደለች አይደለችም።

ሆኖም ሕግ ይውጣ ሲባል የሚነሣው ተቃውሞ ተራ አይደለም። ወፍ አርቢዎች «እኛ በእጃችን ያስፈለፈልነውን እንዳንሸጥ ለምን እንከለከላለን?» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ክልከላ ዋጋውን አንሮ ንግዱን ለኮንትሮባንድ ይሰጣል፣ ወጥመድ አጥምዶ የሚያድረውን የደን ነዋሪ ያስርባል ይላሉ።

ለመጀመሪያው ተቃውሞ መልስ ሆኖ የቀረበው ትንሽ የብረት ቀለበት ነው። በአሜሪካ የኒውዮርክ ክፍለ ግዛት በ1984 ባወጣው ሕግ ከዱር የተያዘ ወፍ እንዳይሸጥ ከልክሎ በሰው እጅ የተፈለፈለውን ፈቀደ። ታዲያ ሁለቱ በምን ይለያሉ? አርቢው ጫጩቷ ጣቶቿ ገና ለጋ ሳሉ ዙሪያውን የገጠመ ቀለበት በእግሯ ያጠልቃል። እግሯ ካደገ በኋላ ቀለበቱ አይወጣም፤ በትልቅ ወፍ እግር ላይም ሊገባ አይችልም። መምህሩ ይህን ለተማሪዎቹ በአልቦ ምሳሌ ሊያስረዳ ይችላል፤ በሕፃንነቷ ያጠለቀችው ግጥም አልቦ ልጅቷ ስታድግ በተረከዟ በኩል አልፎ አይወጣም። እርግጥ ነው፣ ሰፋ ያለ ቀለበት ሠርቶ በዱር ወፍ እግር በግድ የሚያስገባ አጭበርባሪ አይጠፋም። ስለዚህ የቀለበቱ ልክና ቁጥር ከአርቢው መዝገብ ጋር መመሳከር አለበት፤ ሲያጠራጥርም የወፏ የዘር ምርመራ ከወላጆቿ ጋር ይነጻጸራል።

ስለ ኮንትሮባንድ የተነገረው ትንቢት በአንድ ቦታ ተፈትኗል። አሜሪካ በ1992 የዱር ወፎችን ማስገባት በሕግ ከገደበች በኋላ፣ በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ 14 አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ሲገናዘቡ የበቀቀን ጎጆ ዘረፋ ከፊተኛው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2005 በወፍ ጉንፋን ሥጋት በጊዜያዊነት፣ በ2007 ደግሞ በቋሚነት የዱር ወፎች እንዳይገቡ አገደ። ከዚያ በኋላ የዓለም የዱር ወፍ ንግድ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ወረደ፤ ይሁንና የቀረው ንግድ መንገዱን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞረ። ደጋፊዎች ፊተኛውን፣ ተቃዋሚዎች ኋለኛውን ብቻ እየነቀሱ መጥቀስ ይወዳሉ።

እኛ የማስረዳቱ ሸክም በሻጩ ላይ መሆን አለበት ከሚሉት ጋር ነን። ከአጥማጁ እስከ መጨረሻው ገዢ ድረስ ባለው ሰንሰለት አነስተኛውን ገንዘብ የሚያገኘው አጥማጁ ነውና፣ በእርሱ ረሃብ ስም የሚቀርበው ክርክር ብዙ ጊዜ የሌላውን ትርፍ ይጠብቃል። የአጥማጁ ችግር ግን ሐሰት አይደለም፤ ሌላ መተዳደሪያ ሳያገኝ የሚወጣ ሕግ በደኑ ውስጥ ብዙ አይከበርም።

በ1973 በዋሽንግተን የተፈረመውና በአጭሩ ሳይተስ የሚባለው የዱር እንስሳትና ዕፀዋት ንግድ ስምምነት ሁለት ዋና ዝርዝሮች አሉት። በአንደኛው ያለ እንስሳ ከዱር ተይዞ ለንግድ ከአገር አይወጣም፤ በእርባታ የተገኘ ከሆነ ግን በተመዘገበ አርቢ በኩል ሊሸጥ ይችላል። በሁለተኛው ያለው በፈቃድ ይሸጣል። ግራጫው በቀቀን በ2016 በጆሃንስበርግ ጉባኤ በ95 ድምፅ ድጋፍና በ35 ተቃውሞ ወደ አንደኛው ተዛወረ።

ኢትዮጵያ የስምምነቱ አባል የሆነችው በ1989 ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በዱር የማይገኘው ግንባረ ቢጫ በቀቀን ዛሬም በሁለተኛው ዝርዝር ላይ ይገኛል። ግራጫው በቀቀንም ከ1981 ጀምሮ የቆየው በዚሁ ዝርዝር ላይ ነበር።