ሮም ለሚመጣ ሐበሻ፦ ምን ይበላ? እንዴት ይበላ?



ሮም ብዙ ሐበሻ የሚያልፍባት ከተማ ናት። አንዱ ለፋኦ ስብሰባ ይመጣል፤ አንዱ ልጁን ሊጠይቅ ይመጣል፤ ሌላው ወደ ሰሜን አውሮፓ ሲሻገር ጥቂት ቀን ያርፍባታል። እኔም ትምህርቴን እዚሁ ኢጣሊያ ጨርሼ በምህንድስና ሥራ ሮም ከተቀመጥኩ ወዲህ ብዙ እንግዳ ተቀብያለሁ። ከእንግዶቼ የምሰማው ሮሮ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እዚህ አገር የሚበላ የለም!»

በፓስታና በፒዛ አገር እንዲህ መባሉ ያስቃል። ነገሩ ግን የሳቅ ብቻ አይደለም። ሳምንቱን ሙሉ በዳቦና በሙዝ ያሳለፉ እናቶች አውቃለሁ። ስኳር ያለባቸው፣ መድኃኒት የሚወስዱ አባቶች ባዶ ሆዳቸውን ሲውሉ አይቻለሁ። ገንዘብ ቸግሯቸው ሳይሆን «ውስጡ ምን እንዳለ አላውቅም» ብለው ነው። ስጋታቸው መሠረት የለውም አልልም። እዚህ አገር ቅጠል የሚመስለው ሰላጣ ውስጥ ዓሣ፣ ቀይ የቲማቲም ስጎ ውስጥ አሳማ ሊኖር ይችላልና።

ማታ ማታ ከሥራ መልስ ይህችን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት በዚህ ምክንያት ነው። ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የሮማ ሰው ምግብ በአብዛኛው የድሃ እጅ የሠራው፣ በጾምና በሃይማኖት ሕግ ውስጥ ያለፈ ምግብ ነው፤ ከኛ ማዕድ እንደምናስበው የራቀ አይደለም። ሃያ ያህል ቃላት ያወቀ ሐበሻ ጾሙን ሳይሽር፣ አሳማ ሳይነካ፣ ኪሱም ሳይጎዳ ጠግቦ ሊበላ ይችላል።

የምናውቃቸው የሚመስሉን ስሞች

ወጥ ቤታችን የኢጣሊያንኛ ቃላት ሞልተውበታል። ፓስታ፣ መኮሮኒ፣ ላዛኛ፣ ሰላጣ፣ ማኪያቶ ከዚያው የመጡ ናቸው። ስሙ አንድ ሆኖ ነገሩ ሲለያይ ግን እንግዳ ይደናገራል።

ማኪያቶ የሚለው ቃል «ጠብታ ያረፈበት» እንደማለት ነው። ሮም ውስጥ ማኪያቶ ካዘዙ በትንሽ ስኒ ጥቁር ቡና ላይ የወተት አረፋ ጠብ ተደርጎ ይመጣልዎታል። የአዲስ አበባው ማኪያቶ ከናፈቀዎት ካፑቺኖ ይቀርበዋል። «ላቴ» ብለው ካዘዙ ደግሞ የሚመጣው አንድ ብርጭቆ ወተት ብቻ ነው። ሌላው ፔፔሮኒ ነው፤ በአሜሪካ ፒዛ ላይ የሚደረግ ቋሊማ ሲሆን፣ እዚህ ግን የማያቃጥለው ትልቁ የፈረንጅ ቃሪያ ነው። የሚያቃጥለው ፔፔሮንቺኖ ይባላል። ይህን ቃል ይያዙት፤ በርበሬ የለመደ አፍ ወዳጁ ያደርገዋል።

ፓስታውን በተመለከተ እንግዶቼ «ጥሬ ነው» ይላሉ። ሮማውያን መሐሉ ትንሽ ጠንከር ብሎ ጥርስ እንዲይዘው አድርገው ያወጡታል። እዚህ ላይ የመሐንዲስ አስተያየት ልጨምር። ሮም ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ስለማትል ውሃ በ100 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃው የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ እኛ ዘንድ ፓስታው ረዘም ላለ ጊዜ ውሃ ውስጥ ይቆያል፤ ውጩ ይለሰልሳል፤ አፋችንም ያንን ይለምዳል። ለስለስ ያለ ከፈለጉ ሲያዙ «ቤን ኮታ» ይበሉ፤ በደንብ የበሰለ ማለት ነው። ነውር የለውም።

ሰዓቱን ይወቁ

ትራቶሪያ የሚባሉት መካከለኛ ምግብ ቤቶች ምሳ የሚያቀርቡት በኛ አቆጣጠር ከ6፡30 እስከ 9 ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ ብዙዎቹ ወጥ ቤታቸውን ዘግተው ማታ ከ1፡30 ወይም ከ2 ሰዓት በኋላ ይከፍታሉ። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ችግሩ ወዲያው ይገባዋል። እርሱ ሊቀምስ ሲነሣ ምግብ አብሳዩ ሽርጡን እያወለቀ ነው!

መፍትሔው ትራቶሪያውን ትቶ ቀኑን ሙሉ ወደሚሠሩት መሄድ ነው። ፎርኖ የሚባለው ዳቦ ቤት አለ (የኛ ፉርኖ ዳቦ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቃል ነው)። ፒዛ አል ታልዮ የሚባለው እየተቆረጠ የሚሸጥ ፒዛ አለ። ታቮላ ካልዳ የሚባል የተዘጋጀ ትኩስ ምግብ በመስተዋት ውስጥ ደርድሮ የሚሸጥ ቤትም አለ። በነዚህ ቤቶች ጣት መጠቆም ብቻውን ቋንቋ ነው።

ለጾመኛ

ሮማውያንም በቀን የተከፋፈለ የቆየ የምግብ ልማድ ነበራቸው፤ ዛሬም ባንዳንድ ትራቶሪያ ይታያል። ሐሙስ ኞኪ የሚባለው የድንች ሊጥ፣ ዓርብ ዓሣ ወይም ሽምብራ፣ ቅዳሜ ጨጓራ ይበላል። የዓርቡ ከሥጋ የመከልከል ሥርዓት ያመጣው ነው። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ሐበሻ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዲህ ያለ ፍርሃት የሚበሉትን ልዘርዝር።

ስፓጌቲ አሊዮ ኦሊዮ ኤ ፔፔሮንቺኖ፦ ነጭ ሽንኩርት፣ የወይራ ዘይትና የሚያቃጥል ቃሪያ ብቻ ነው። ደረቅ ስፓጌቲ ከዱረም ስንዴና ከውሃ ስለሚሠራ እንቁላል የለበትም። እንቁላል ያለበት ፌቱቺኔን የመሰለው ትኩስ ፓስታ ነው።

ፔኔ አላራቢያታ፦ የቲማቲም ስጎ በቃሪያ ነው፤ ስሙም «የተቆጣ» ማለት ነው። ላዩ ላይ አይብ ስለሚነሰንሱ «ሴንዛ ፎርማጆ» (ያለ አይብ) ይበሉ።

ፒዛ ማሪናራ፦ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ያለው፣ አይብ የሌለበት ነው። ፒዛ ቢያንካ ደግሞ በዘይትና በጨው የተጋገረ የሮማ ቂጣ ነው። አንዳንድ ጋጋሪ በሊጡ የአሳማ ሞራ ሊጨምር ይችላልና «ቼ ስትሩቶ?» (የአሳማ ሞራ አለበት?) ብሎ መጠየቅ ደግ ነው።

ፓስታ ኤ ቼቺ፦ ፓስታ በሽምብራ የተሠራ ወፍራም ሾርባ ነው፤ ያጠግባል፣ ዋጋውም አይጎዳም። አንዳንዱ ሰርዲን መሰል ትንሽ ዓሣ ስለሚያቀልጥበት «ሴንዛ አሊቺ» ይበሉ። ፑንታሬሌ የሚባለው የክረምት ሰላጣም በዚሁ ዓሣ ይለወሳል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች ትቼዋለሁ፤ ሰው ሳያውቅ እንዳይበላ ግን መንገር ግዴታዬ ነው።

ቺኮሪያ ሪፓሳታ፦ የተቀቀለ መረር የሚል ቅጠል በዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ተጠብሶ ነው። እናቴ ለዐቢይ ጾም መጥታ ሳለ ሦስት ቀን ዳቦና ሻይ ብቻ ስትቀምስ ከርማ ነበር። በአራተኛው ቀን ይህን አዘዝኩላት። ሽታውን አሸተተች፣ በዳቦ ጠቅለል አድርጋ ጎረሰች፣ ከዚያ «ይሄማ ጎመን ነው! ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር አዝዛ አታውቅም።

ለጾመኛ የሚጠቅም አንድ የሕግ ነገርም አለ። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ ምግብ ቤቶች አለርጂ የሚያስነሡ 14 ዓይነት ነገሮች በምግባቸው ውስጥ መኖራቸውን ማሳወቅ አለባቸው። ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ ከ14ቱ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ «አለርጄኒ?» ብለው ዝርዝሩን ይጠይቁ። ሕጉ ለጾም ብሎ ባይወጣም ጾመኛን ይረዳል። ሥጋ ግን በዝርዝሩ ስለማይገባ እርሱን በቃል ይጠይቁ። ከሁሉ የሚያጥረው ቃል «ቬጋኖ» ነው፤ ዛሬ የማይገባው አስተናጋጅ ጥቂት ነው።

አሳማ ለማይበላ

እውነቱን ለመናገር የሮም ታላላቅ ፓስታዎች ሦስቱ አሳማ አለባቸው። ካርቦናራ፣ አማትሪቻናና ግሪቻ የሚሠሩት ጓንቻሌ በሚባል የአሳማ ጉንጭ ሥጋ ነው። አራተኛው ካቾ ኤ ፔፔ ግን ፔኮሪኖ የሚባል የበግ አይብና ቁንዶ በርበሬ ብቻ ነው፤ ለፍስክ ቀን ይሁንልዎ። ራጉ የሚባለው የሥጋ ስጎም ብዙ ጊዜ የላምና የአሳማ ሥጋ ቅልቅል ነው። ማያሌ፣ ጓንቻሌ፣ ፓንቼታ፣ ፕሮሹቶ፣ ላርዶ፣ ስትሩቶ፣ ሳልሲቻ፣ ፖርኬታ ከሚሉት አንዱን ካዩ አሳማ ነው ብለው ይለፉ።

ሳይጠይቁ መቀመጥ ከፈለጉ በቴቬሬ ወንዝ ዳር ወዳለው የአይሁድ ሰፈር፣ ወደ ጌቶ ይሂዱ። አይሁድ በሮም ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1555 ጳጳስ ጳውሎስ አራተኛ በአንድ ሰፈር ዘጋቸው፤ ግድግዳው ታሪክ የሆነው ከሦስት መቶ ዓመታት በኋላ ነው። በዚያ ጥበትና ድህነት ውስጥ ግን የከተማይቱን ድንቅ ምግብ ፈጠሩ። በቪያ ዴል ፖርቲኮ ዶታቪያ ኮሼር የሚል የተጻፈባቸው ቤቶች አሳማ ጨርሶ የለባቸውም፤ ሥጋና ወተትም አይቀላቅሉም። ኦሪትን ለሚያውቅ ሐበሻ ይህ ባዳ ሕግ አይደለም። ካርቾፎ አላ ጁዲያ ይዘዙ። አርቲቾክ የሚባለው አትክልት በሙሉው በዘይት ተጠብሶ እንደ አበባ ተከፍቶ ይመጣል። ወቅቱ ከክረምቱ ማብቂያ እስከ ጸደይ ስለሆነ ከዐቢይ ጾማችን ጋር ይገጥማል።

ሙስሊም ወገኖቻችን ደግሞ በፒያሳ ቪቶሪዮ አካባቢና በቶርፒኛታራ ሰፈር የሐላል ሥጋ ቤቶች ያገኛሉ።

አምስተኛው ሩብ

የፍስክ ሰው ከሆኑ ወደ ቴስታቾ ሰፈር ይውረዱ። የከተማው ትልቁ ቄራ እ.ኤ.አ. ከ1891 እስከ 1975 የሠራው እዚያ ነበር። የከብቱ አራት ሩብ ለባለጸጋ ሲሄድ የቀረው ጭራ፣ ጨጓራ፣ አንጀትና ምላስ «አምስተኛው ሩብ» ተባለ። የቄራው ሠራተኞች ከደመወዛቸው ከፊሉን በዚህ ይቀበሉ ነበር፤ ሚስቶቻቸውና የሰፈሩ ምግብ ቤቶችም ከዚያ ጥበብ አወጡ። ዱለትን፣ ምላስና ሰንበርን ለሚያውቅ ሕዝብ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

ትሪፓ አላ ሮማና ጨጓራ በቲማቲም፣ በናና ቅጠልና በፔኮሪኖ ነው። ኮዳ አላ ቫቺናራ የበሬ ጭራ በቲማቲምና በሰሌሪ ለሰዓታት የተቀቀለ ነው፤ መጥበሻው በአሳማ ሞራ ሊጀመር ስለሚችል ይጠይቁ። ፓያታ ደግሞ ወተት ብቻ የጠጣ ጥጃ አንጀት ነው፤ በእብድ ላም በሽታ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2001 ታግዶ በ2015 ተመልሷል።

ሂሳብና ውሃ

ቡና ቤት ውስጥ ቆሞ መጠጣትና ተቀምጦ መጠጣት ዋጋቸው ሊለያይ ይችላል፤ በተለይ ቱሪስት በሚበዛበት አደባባይ ወንበሩ ከቡናው ይወደዳል። በብዙ ቤት መጀመሪያ ሣጥኑ ጋ ከፍለው ስኮንትሪኖ የሚባለውን ደረሰኝ ይዘው ነው የሚያዙት።

ቁራጭ ፒዛ የሚሸጠው በሚዛን ነው። አንድ ኤቶ 100 ግራም ነው። በመስተዋቱ ላይ ያለው ዋጋ የኤቶ ይሁን የኪሎ አስቀድመው ይዩ፤ ልዩነቱ አሥር እጥፍ ነው። በሮም ክፍለ ሀገር በላትሲዮ «ኮፔርቶ» የሚባለውን የመቀመጫ ክፍያ የ2006 የክልሉ ሕግ ከልክሎታል፤ ስለዚህ ብዙዎች «ፓኔ» ብለው የዳቦ ያስከፍላሉ። ዳቦውን ካልፈለጉ ሲመጣ መመለስ ይችላሉ። ጉርሻ መስጠት ግዴታ አይደለም።

ውሃ አይግዙ። ከተማው ውስጥ ናዞኔ የሚባሉ 2,500 ያህል የብረት ቧንቧዎች አሉ፤ የመጀመሪያዎቹ እ.ኤ.አ. በ1874 የተተከሉ ናቸው። ውሃው ንጹሕና ነጻ ነው። አፉን በጣት ሲደፍኑት ከላይ ባለችው ቀዳዳ ወደ አፍዎ ይፈናጠራል። ልጆች ይህን ሲያዩ ከኮሎሲየሙ ይልቅ ይደነቃሉ።

እንጀራ ሲናፍቅ

በቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። አምስት መቶዎቹ እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር እጅ የወደቁት የኢጣሊያ ወታደሮች ናቸው። ከዚያ አደባባይ ጥቂት መንገድ እንደሄዱ፣ በካስትሮ ፕሬቶሪዮ በኩል፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶችን ያገኛሉ። ዛሬ ሮማውያን እዚያ ገብተው «ዝግኒ» እያሉ ወጣችንን በእጃቸው ይበላሉ። ቤት ውስጥ ለሚያበስል ደግሞ ከፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ ያለው የኤስኩዊሊኖ ገበያ ምስር፣ ሽሮ የሚሆን ሽምብራ፣ ቅመምና ዝንጅብል አያጣም። ከእህል ጋር ዘመድም ይገኝበታል፤ አማርኛና ትግርኛ ከየአቅጣጫው ይሰማል።

ውድ አንባቢያን፣ ለወላጆቻችሁ የአውሮፕላን ትኬት ስትቆርጡ ከላይ ያሉትን ቃላት በአማርኛ ፊደል በአንዲት ወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ ላኩላቸው። ልጃቸው ሥራ ውሎ እስኪመለስ በር ዘግተው በሙዝ ከሚጠብቁ፣ ወጣ ብለው ራሳቸው አዝዘው ቢበሉ ለጤናቸውም ለክብራቸውም ይበጃል።

ጾሙንም ፍስኩንም በሰላም ያድርግልን። ቸር ይግጠመን!