አህያን ማን ናቃት?

ድሬዳዋ ውስጥ ታይዋን ገበያ ሲነሣ የሁላችንም አሳብ ወደ ኤሌክትሮኒክሱና ወደ ጨርቁ ይሮጣል። በከተማዪቱ ጎዳና ሸክም ተሸክማ የምታልፈውን አህያ ማን ይቆጥራታል? እንዲያውም ትምህርት የከበደውን ልጅ «አህያ!» ብለን እንሰድበዋለን። እርሷ ግን አንድ ጊዜ የሄደችበትን መንገድ አትረሳም፤ ሥጋት ሲገጥማት ቀጥ ብላ መቆሟም ጥንቃቄ እንጂ ግትርነት አይደለም። ውለታዋን ሕዝብ የመሰከረበት ጊዜም አለ፤ ይኸውም በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የተከፈተው የአህያ ቄራ በሕዝብ ተቃውሞ መዘጋቱ ነው።

እንግዲህ ለልጆች አስቂኝ የሥዕል ታሪክ የምታዘጋጁ ሆይ፣ አንበሳና ጦጣ ይበቃናል፤ ለአህያም የጀግና ቦታ ስጧት እንላለን። ልጆቻችን ይሣቁ፤ የሚሣቅበት ግን መንገድ ጠፍቶት ከኋላዋ የሚከተላት ጌታዋ ይሁን።