ሁለት ፒስተን በአንድ ሲሊንደር

«ቴስታታው ተሰንጥቋል።» መኪናውን ጋራዥ ያስገባ ሰው ይህን መርዶ ያውቀዋል። የሲሊንደሩ ክዳን የቃጠሎውን ሙቀትና ግፊት ስለሚሸከም በቀላሉ ይጎዳል። ከመቶ ዓመት በፊት የመርከብ ሞተር ሠሪዎችን ያስጨንቅ የነበረውም ይኸው ክዳን ነው፤ ውቅያኖስ መካከል ጋራዥ የለምና።

በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በሰንደርላንድ ከተማ፣ በዊር ወንዝ ዳር የነበረው የዶክስፎርድ ኩባንያ መላ አገኘለት፦ ክዳኑን ጨርሶ ማስቀረት። ዊልያም ዶክስፎርድ ሥራውን የጀመረው በ1840 እ.ኤ.አ. የእንጨት መርከብ በመሥራት ነበር። ልጆቹና ተከታዮቻቸው ግን ስሙን በሞተር አስጠሩት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በአንድ ረጅም ሲሊንደር ውስጥ ሁለት ፒስተኖች ፊት ለፊት ይገጥማሉ። ሲቀራረቡ በመካከላቸው ያለው አየር ታምቆ እጅግ ይግላል። በዚያች ቅጽበት ናፍጣ ሲረጭ ይቀጣጠልና አንዱን ወደ ላይ፣ ሌላውን ወደ ታች ይገፋል። የታችኛው ኮሎውን፣ ማለትም የሞተሩን ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ፣ በቢየላ (በማገናኛ ዘንግ) ያሽከረክራል፤ የላይኛው ደግሞ ከሲሊንደሩ ግራና ቀኝ በወረዱ ሁለት ዘንጎች ይስበዋል። ቫልቭም አያስፈልግም፤ የላይኛው ፒስተን ሲርቅ የጭስ መውጫውን፣ የታችኛው ደግሞ የአየር ማስገቢያውን ቀዳዳዎች ይከፍታሉ። ንጹሑ አየር ከታች ገብቶ ጭሱን ወደ ላይ ጠርጎ ያስወጣል።

ትርፉ ብዙ ነው። በክዳን በኩል የሚባክን ሙቀት ስለሌለ ነዳጅ ይቆጠባል። ፒስተኖቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚሮጡም የአንዱን መንቀጥቀጥ የሌላው ያረግበዋል።

በ1921 እ.ኤ.አ. «ኢንጋረን» የተባለች የስዊድን መርከብ በዚህ ሞተር ባሕር ላይ ወጣች። ከዚያ በኋላ የዶክስፎርድ ሞተር ለአሥርት ዓመታት የብዙ ጭነት መርከቦች ጉልበት ሆነ።

ሆኖም ብልሃቱ ዋጋ ነበረው። ኮሎው ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሦስት ቦታ መታጠፍ ነበረበት፤ ተንቀሳቃሽ ክፍሎቹና ጥገናቸውም በዙ። በዴንማርክና በስዊዘርላንድ የተነደፉት ቀለል ያሉ ሞተሮች በተርቦ እየጎለበቱ ገበያውን ወሰዱ። በ1980ዎቹ መባቻ የዶክስፎርድ ሞተር ምርት አበቃ።

የኩባንያው ዕውቀት ግን ከዘመኑ ቀድሞ ነበር። ናፍጣን በከፍተኛ ግፊት በአንድ የጋራ ቧንቧ አጠራቅሞ ለየሲሊንደሩ ማከፋፈልን ቀድመው ከተጠቀሙት አንዱ ዶክስፎርድ ነው። ዛሬ መካኒኮቻችን «ኮመን ሬይል» የሚሉት የናፍጣ መኪና የሚሠራው በዚሁ መርሕ ነው።